አባል ነሽ ወይ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 3 ሰዓት።

መብራት ሄዶ መጣ። ራውተሩም እንደ ልማዱ ሁሉን ረስቶ ተነሣ። ባዶ። ስሙን እንኳ አያውቅም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መልሼ ሞላሁለት፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ሁለቴ ተሳሳትኩ። ከክልል የሚመጣውን የስክሪን ስብሰባ የሚያደርስልን ይህ ሳጥን ነው። እሱ ከረሳ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ጥቁር መስኮት ሲያይ ይውላል። በወረዳው መ/ቤት ደግሞ የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ብቻ። ያውም የሙከራ ጊዜዬን ያልጨረስኩ።

ግድ የለም። ትናንት ቡድኑን ጠይቄአለሁ፤ ጋሼ መልሶልኛል። (ጋሼ የምንለው የኢንተርኔት ቡድናችንን የከፈተውን ሰውዬ ነው። እውነተኛ ስሙን ማንም አያውቅም። ምንም ይጠየቅ ምን፣ መልሱ አንድ ዓይነት አጀማመር አለው፤ «ልጄ፣ መጀመሪያ ሶኬቱን እዪው።» ከኮሌጅ ይልቅ ያስተማረኝ እሱ ነው።) ነገሩ ገብቶኛል፣ አትንኪው፣ ነገ እነግርሻለሁ ብሎኛል። ነገ ማለት ዛሬ ነው። ልክፈተው።

4 ሰዓት ከሩብ።

ተዘግቷል።

«ይህ ቡድን ተዘግቷል። ደህና ሁኑ።» በቃ። የእኔ ጥያቄ የለም፣ የእሱ መልስ የለም፣ ያ ሁሉ ሰው የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ሶኬቱን አየሁ። የምሬን ነው፣ ሶኬቱን አየሁ።

ማታ።

ደብተሬ፣ ፈራሁ። በቅርቡ አ/አ ውስጥ ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉ ልጆች ተያዙ ሲባል ሰምተናል። እኛ እኮ የምናወራው ስለ ገመድ ነው! ስለ ገመድ፣ ስለ ጄኔሬተር፣ አይጥ ስለበላው ሽቦ። አንድ ቀን ብቻ አንዱ፣ ኢንተርኔቱን የሚበላው አይጥ ባለ ክራቫት ነው ብሎ ጻፈ። ጋሼ ወዲያው አጠፋው። ግን ከመጥፋቱ በፊት አውራ ጣት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ስለሳቅኩ። ለሳቅ የተሰጠ አውራ ጣት የት ይቀመጣል? ማን ጋ?

የሱፍ ባና ደርቤም ይበርደኛል። ብርዱ የመንዝ ነው፣ መንቀጥቀጡ የራሴ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5።

ደስ የሚል ነገር! ሙሉቀን ጋ በቢሯችን ስልክ ደወልኩ። አብረን ተመርቀን እሱ ደ/ብርሃን ነው የደረሰው። አዲስ ቡድን አለ አለኝ፤ ከኛ የተበተኑት ብዙዎቹ እዚያ ገብተዋል። ግን ዝግ ነው። እውነተኛ ስም፣ ፎቶ፣ የሥራ ቦታ ይጠይቃል፤ አንድ አባልም አውቃታለሁ ብሎ መመስከር አለበት። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ እኔም እጮኻለሁ። አንተ አባል ነህ እንዴ? እስካሁን እንዴት አልነገርከኝም? በናትህ እኔንም አስገባኝ፣ አባል ካልሆንኩ እዚህ ብቻዬን ማለቄ ነው!

አብረውኝ አንድ ክፍል የሚቀመጡት ጸሐፊያችን ወ/ሮ አስካለ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ፈገግ አሉ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6።

የመግቢያውን መልእክት ጽፌ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። አጠፋሁ። ቡድኑን የከፈተው ማነው? የሥራ ቦታዬ ምን ያደርግለታል? ሙሉቀን ሳቀብኝ፤ አንቺን ለመሰለል ደመወዝ የሚመድብ የለም፣ ይልቅ የሚያምርብሽን ፎቶ ምረጪ አለኝ። ደደብ። (መረጥኩ። የምርቃቱን።)

ከሰዓት ጥሪ መጣ። የፊታችን ዓርብ ትልቅ ስብሰባ አለ፣ ሁሉም ወረዳ በስክሪን። ባለፈው አንድ ወረዳ ላይ፣ ንግግሩ መሐል ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ባለሙያውን ልጅ ሆን ብለህ ነው እያሉ ሲጠይቁት ሰንብተዋል አሉ። መብራት ነው ቢል ማን ይስማው። ልጁን አላውቀውም። ግን ከሰማሁ ጀምሮ ፊቱ ይታየኛል፤ የእኔን ፊት ነው የሚመስለው።

ሰኞ፣ ኅዳር 9።

ኃላፊያችን አቶ ግዛው አስጠሩኝ። በመ/ቤቱ የድርጅቱንም፣ ማለት የፓርቲውን፣ ጉዳይ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ገባሁ፤ በሩን ዝጊው አሉኝ። ሰምተናል አሉ። አውራ ጣቷ ናት፣ አልኩ በሆዴ። ሁሉንም ልናዘዝ አፌን ስከፍት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡኝ።

«አባል ለመሆን ይህን ያህል ጉጉት ካለሽ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ በስልክ መለመን ምን አመጣው? እኛ እዚህ ተቀምጠን!»

ፎርሙን ከመሳቢያ አወጡ።

የለም፣ እኔ ያልኩት ሌላ አባልነት ነው እንዳልል፣ የምን ሌላ? ሊባል ነው። ዝም እንዳልል፣ ብዕሩ ተዘርግቷል። ላስብበት አልኩ። ሳቁ፤ «በልቅሶ የለመንሽውን ነገር ደግሞ ታስቢበታለሽ?» ከዓርቡ ስብሰባ በኋላ ይዤው እንድመጣ ነገሩኝ።

ወ/ሮ አስካለ በር ላይ ሲጠብቁኝ ነበር። እንዴት ሆነልሽ የኔ ልጅ? እኔ እኮ ነኝ የነገርኩልሽ፣ አፍረሽ ነው እንጂ ስልክ ላይ ስትለማመጪ አንጀቴን በላሽው፤ አሁን እንኳን ቋሚ መሆንሽ ነው አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11።

ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ፣ አዲሱ ቡድን ስክሪኑ ላይ። ሁለቱም ሙሉ ስም ይላሉ። ሁለቱም የሥራ ቦታ። ሁለቱም የሚያውቅሽ አባል። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ፎርሙን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ለዓርብ ልምምድ አደረግን። መብራት ሆን ብለን አጠፋን፣ ዘበኛው ጋሽ ኃይሌ ጄኔሬተሩን አስነሡ። ራውተሩ ባዶ። ቁጥሮቹን ሞልቼ እስክጨርስ አቶ ግዛው ሰዓታቸውን ሲያዩ ቆዩ። ዓርብ ይህ ሁሉ ጊዜ የለም አሉ። በቁጣ አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል።

ከተማችን መሐል ሜዳ ዛሬ በጭስ ታጥናለች። በየደጁ የዓመቱ ጉድፍ ይነዳል። አከራዬ እትዬ ሸዋዬ የሚቃጠል ካለሽ አውጪ ብለው በሬን መቱ። የጋሼን መልሶች አትሜ ያስቀመጥኳቸውን ወረቀቶች እንዳሉ አቅፌ ወጣሁ። ዛሬ ማን ምን አቃጠለ የሚል የለም። እሳቱ ጋ ስደርስ እትዬ ክምሩን አዩና ጠየቁኝ፤ «ይሄ ሁሉ ነው ቆሻሻ?»

አዎ ማለት አቃተኝ። ይዤ ተመለስኩ።

ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ቢሮ ሄድኩ። ሙሉ ስሜን፣ የሥራ ቦታዬን፣ የምርቃት ፎቶዬን አስገባሁ። ሙሉቀን አውቃታለሁ አለ። ተከፈተ። ያ ሁሉ ሰው! ራውተር ለሚያባብሉት፣ መብራት ለሚረግሙት ወገኖቼ ችግሬን ጻፍኩ።

ወዲያው መልስ መጣ። ፎቶው ላይ ባርኔጣ ፊቱን የሸፈነው ሰው ነው፤ ስሙን ዓይቼው አላውቅም።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ሶኬቱን እዪው።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። እሱ ነው? ወይስ የጋሼን ጽሑፍ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያነበበ ሌላ ሰው? በደስታ ላልቅስ ወይስ ኮምፒውተሩን ነቅዬ ልሩጥ? መጠየቅ ፈራሁ። እሱም አልነገረኝም። ስለ ራውተሩ ግን ነገረኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የይለፍ ቃል ጠፍቶበት፣ ሳጥኑ ሲነሣ የተቀመጡለትን ቁጥሮች ሳያነብ እንዲያልፍ አድርጎ፣ ሳይመልሰው ሄዶ መሆን አለበት። አይረሳም ማለት ነው! እንዳያነብ ታዞ ነው። አንድ ቁጥር ነው የሚቀየረው። ቀየርኩ። አጠፋሁ፣ አበራሁ።

ስሙን ይዞ ተነሣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13። 10 ሰዓት።

መብራት ሄደ። ሊሄድ ነው ያልኩት ቦታ ላይ፣ ንግግሩ መሐል። ጄኔሬተሩ ጮኸ። ልቤ ከጄኔሬተሩ በላይ። ከዚያ ምስሉ ተመለሰ፤ ማንም ሳይነካው! ሰዉ አጨበጨበ። አቶ ግዛው ትከሻዬን ያዙና፣ ይቺ ናት አባላችን ብለው ለሁሉም አሳዩኝ።

ደስታ ነው ያሳበደኝ። ቢሯቸው ገብተን ፎርሙን ሲጠይቁኝ፣ እንደ ጥሩ ቀልድ አወራሁላቸው። ኧረ አቶ ግዛው፣ እኔ በስልክ የለመንኩት እኮ የራውተር ጠጋኞች ቡድን ነው፣ ያዳነንም እሱ ነው፣ ፎርሙን አልሞላሁትም አልኳቸው። የሚስቁ መስሎኝ።

አልሳቁም። ፎርሙን ወደ መሳቢያው መለሱ። ስንት ናችሁ? የሚሰበስባችሁ ማነው? በምን ትገናኛላችሁ? ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«ጎበዝ ነሽ። ሰኞ ጠዋት የአባላቱን ስም ጽፈሽልኝ ነይ።»

ማታ።

አሁን ገባኝ። ጋሼንም ስም ጠይቀውት ይሆናል። ስም የማያውቅ ቡድን ከፍቶ፣ ሲጠየቅ ደግሞ ቡድኑንም ዘጋው። እኛን ጥሎን የሄደ መስሎኝ ነበር።

ከሱቁ ስልክ ሙሉቀን ጋ ደወልኩ። ያን ቀን በቢሯችን መስመር መደወሌን፣ ወ/ሮ አስካለም መስማታቸውን አስታወስኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም።

ከዚያ ቢሮ ተመልሼ ቡድኑን ከፈትኩ። ትናንት የገባሁበትን። ጻፍኩ፤ ልጆች፣ ስምና የሥራ ቦታ መጠየቁን ዛሬውኑ ተዉት፣ የተጻፈውንም አጥፉት። ለባለ ባርኔጣው ለብቻው፣ ሶኬቱን አየሁት አልኩት። ሌላ አላልኩም። የአባላቱን ዝርዝር ላለማየት ስክሪኑን በእጄ ሸፍኜ፣ «ከቡድኑ ውጪ» የሚለውን ተጫንኩ።

አሁን ብጠየቅም አላውቅም።

ወረቀቶቹ አልጋዬ ሥር ናቸው፤ አላቃጥላቸውም። ፎርሙን ቢያወጡልኝም አልፈርምም። ሰኞ ጠዋት አንድ ስም ይዤ እገባለሁ።

የራሴን።