በአንድ እጅ የሚነሳ አምፕሊፋየር

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎ ከታከመ በኋላ የሬዲዮ ብየዳዎን ጀመሩ ወይስ ሐኪሙ እንዳዘዘው አርፈው ተቀምጠዋል? አርፈዋል ብዬ ራሴን አላታልልም። የእማዬስ ደም ግፊት ወረደላት? መድኃኒቷን በሰዓቱ ነው የምትውጠው ወይስ ትዝ ሲላት? ታናሽ ወንድሜ፣ ባለቤቱ፣ ያቺ ጥርስ አወጣለሁ ብላ ቤቱን ያመሰችው ልጃቸውስ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ ወገቤ ጠይቀውኝ ነበር፤ መልሱ ረዘም ይላል። ግን አይደንግጡ፣ ይህ የወገብ ደብዳቤ አይደለም፣ የአምፕሊፋየር ደብዳቤ ነው። እዚህ ላይ ሲደርሱ መነጽርዎን እንደሚያስተካክሉ አውቃለሁ።

አሮጌውን የባስ ጊታር አምፕሊፋየሬን በፎቶ ያውቁታል። «ይሄ ቁም ሳጥን ነው ወይስ የጊታር ድምፅ ማጉያ?» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ሁለት እጀታ ነበረው። አንዱን እኔ፣ አንዱን ድራም መቺያችን ይዘን እንደ ቃሬዛ ነበር የምንሸከመው። ድራም መቺያችን ቀን ቀን የከተማ አውቶቡስ ስለሚነዳ ሾፌሩ እንለዋለን። የሙዚቃ ባንዳችን ምድር ቤት ባለ አዳራሽ ይጫወት በነበረ ጊዜ ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም፤ ከመኪና አውርዶ አሥር እርምጃ መጎተት ነበር። አዳራሹ ለእድሳት ተዘጋና በየቅዳሜው የምንጫወትበት ሬስቶራንት አገኘን። ሬስቶራንቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም።

የመጀመሪያው ቀን ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ወገቤ ያዘኝ። ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ አልኩ። አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አስተናጋጆቹ ሰሃን እንደተሸከሙ ግድግዳ እየታከኩ አለፉኝ። አንዷ «እዚህም ጠረጴዛ ዘረጉ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ ዘፋኛችን ከላይ መጣ። ባንዱ የእሱ ነው። መድረክ ከመውጣታችን በፊት አንድ ሁለት እያለ ስለሚቆጥረን ሻለቃ እንለዋለን። ቁልቁል አየኝና «እዚህ ቤት የራሱን ዕቃ ራሱ ተሸክሞ የማይወጣ አይመጣም። ኪቦርዱ ግራ እጅ አለው፤ ባሱን ይሸፍነዋል» አለ። ኪቦርድ ተጫዋቹ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ግራ እጁን ገልብጦ አየው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ተሰጠኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም አባዬ። የቤት ኪራዬን ግማሽ የሚሸፍነው ባንዱ ነው። ኪራዩ እንኳ ቢቀር፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት የሚሰቀል መጋረጃ ስሰፋ ኖሬ ቅዳሜም ከመድረክ ከወረድኩ የሚቀረኝ መጋረጃው ብቻ ነው። ስለዚህ ቀላል አምፕሊፋየር ፍለጋ ወጣሁ፤ ኪሴም እንደ ዕቃው ቀላል ነበር።

የእርስዎ ልጅ ነኝና ሱቅ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ማንሳት ነው። ሬዲዮ ሲገዙ ከመክፈትዎ በፊት በመዳፍዎ ሲመዝኑ እያየሁ ስላደግሁ የማይከብድ ዕቃ ሆዱ ባዶ ይመስለኛል። ከመደርደሪያው ትንሿን ሳነሳት እጄ ወደ ላይ ሸሸ። ሳልሰካት መልሼ አስቀመጥኳት። ባለ ሱቁ «እመቤት፣ ቀላል ስጠኝ አልሽ፣ ቀላል ሰጠሁሽ። አሁን ቀለለችኝ ብለሽ ትመልሻለሽ?» አለኝ። አፈርኩ። ለምን እንደቀለለች ጠየቅሁት። «አዲስ ሞዴል ስለሆነች» አለኝ። ይህ መልስ እርስዎን ቢሆን ከሱቁ ያስወጣዎት ነበር፤ እኔንም አስወጣኝ።

ከምሠራበት ስፌት ቤት ጎን ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ አንዲት ተመሳሳይ ተፈትታ ተኝታለች ሲሉኝ ሄጄ ሆዷን አየሁ። በአሮጌው ውስጥ የዳቦ ያህል ብረት፣ ያ እርስዎ «የሬዲዮ ጉበት» የሚሉት ትራንስፎርመር የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ ብቻ አለች። ጠጋኙ እንደነገረኝ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠች ታሳልፋለች፤ እንዲያ ሲፈጥን የክብሪት ሳጥን የምታህል ትራንስፎርመር ትበቃለች። የማጉያው ክፍልም እንደዚያው ነው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይ ይዘጋል፣ መሀል ላይ ቆሞ ስለማይግል ትልቁ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። የስፒከሩ ማግኔት ሳይቀር ተለውጧል፤ ትንሽ ነው፣ ግን የያዝኩትን መፍቻ ከእጄ ነጥቆኝ ለማላቀቅ ታገልኩ። ጉዳቷ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ከተቃጠለች አትበየድም፣ ሰሌዳው ባጠቃላይ ይቀየራል። ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ግን ወገብም አይበየድም።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ያለውን ጊዜ ባሴን ተሸክሜ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። አንዷ ጀርባዋ ላይ አምስት መቶ ዋት ይላል። ከቁጥሩ ሥር ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አሳድጌ አነበብኩት። አምስት መቶው ሌላ የስፒከር ሳጥን ሲቀጠልባት ነው፤ ብቻዋን ስትሆን ከግማሹ ብዙም አትዘልም። ሌላዋ ደግሞ እንደ ቦርሳ በትከሻ የምትንጠለጠል፣ ባትሪ ያላት ነበረች። ቤት ውስጥ ለመለማመድ ትሆናለች፤ ድራም ሲነሳ ግን እንደ ትንኝ ነው የምትሰማው።

ከሁሉ የገረመኝ የጥግ ነገር ነው። ባለ ሱቆች ሁሉ ዕቃውን ጥግ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ወፍራሙን ክር ስመታ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ባለ ሱቁም «ሰማሽ?» ይለኛል። አንዱን፣ እባክህ ወደ መሀል አምጣልኝ አልኩት። ደስ ሳይለው ጎተተው። ያንኑ ክር መታሁ፤ ወፍራሙ ድምፅ ክፍሉን ለቆ ወጣ። ለካ ግማሹን የሚጫወተው ግድግዳው ነው። ከዚያ በኋላ የምሞክረውን ሁሉ ከግድግዳ አርቄ ነው የሞከርኩት። በመጨረሻ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ቤት አንዲት ጥቁር፣ ጠርዟ የተፋቀ፣ መሀል ክፍል ላይ ተቀምጣም ሆዷ የሚናገር አገኘሁ። ባለቤቷ ከዘፈን ወደ ንግድ የገባ ሰው ነበር አሉ። አሮጌውን አምፕሊፋየሬን አንድ የሰፈር አዳራሽ በገንዘብ ወሰደልኝና ዋጋዋ ሞላ። የአዳራሹ ኃላፊ «እኛ ደግሞ የምንፈልገው ማንም ሊሰርቀው የማይችል ነው» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት እሁድ ጠዋት ሬስቶራንቱ ሳይከፈት ለልምምድ ወጣን። ባሴን በጀርባዬ፣ ትንሿን በግራ እጄ ይዤ ሁሉንም ደረጃው ላይ አለፍኳቸው። ሻለቃ እየተነፈሰ ሲደርስ እኔ ገመድ ሰክቼ ጨርሻለሁ። የሸጠልኝ ሰው «ከመሬት አንሻት፣ ወንበር ላይ አድርጊያት፣ ስፒከሩ ለጆሮሽ እንጂ ለባትሽ አይዝፈን» ብሎኝ ነበርና ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። አባዬ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ራሴን እንደዚያ ሰምቼ አላውቅም። አንዳንዱን ቦታ ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

ዘፈኑ ተጀመረ፤ ወዲያው ሾፌሩ ምቱ ጠፋበት። መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከዚያ ሊደርስብን ሲሮጥ አልፎን ሄደ። ጊታር ተጫዋቹ ቆሞ አየው። ሻለቃ እጁን አነሳና «ይቺ መጫወቻ ናት። ሾፌሩን አሳሳተችው። አጥፊያት» አለኝ። አጠፋሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹን በግራ እጁ ባሱን እንዲሞክር አዘዘው። የኪቦርዱ ድምፅ የሚወጣው ጣሪያ ላይ በተሰቀሉት የቤቱ ስፒከሮች ነው። ሾፌሩ በዚህኛው ባሰበት፤ ፍሬን እንደተበጠሰበት ሰው ነበር የሚወርደው። ሻለቃ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ቁርስ ምንድን ነው የበላኸው?» ብሎ ጮኸበት። ሾፌሩ ዱላዎቹን በሸሚዙ ጠረገ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዓት የሚሞላበት ሰው ነው፤ እንዲህ ሲሆን አይተነው አናውቅም።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። አምፕሊፋየሯ ብትሆን ጥፋተኛዋ፣ እሷ ስትጠፋ ለምን ባሰበት? እርስዎ የተበላሸ ሬዲዮ ፊት ሲቀመጡ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይነኩም። እኔም ሻለቃን ግማሽ ሰዓት ለመንኩት። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ጨመርኩ፤ ሾፌሩ ያው ነው። መልሼ ቀነስኩና ድምፁን ብቻ አወፈርኩ፤ ያው ነው። እጄን እንዲያይ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ ትንሽ ተሻለው፣ ግን አንገቱን ሲያዞር ይጠፋል። ይህን ጊዜ ጊታር ተጫዋቹ ሰለቸው። መቆም የማይወድ ሰው ነው። ትንሿን ከወንበሩ አነሳና ሾፌሩ የሚቀመጥበት የእንጨት መድረክ ላይ፣ ከበርጩማው ኋላ ጣል አድርጓት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሳላቋርጥ እየተጫወትኩ ነበር። ሾፌሩ ገባ። በር ሲገጥም እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ግጥም አለ።

ሌሎቹ ደስ ብሏቸው መጫወት ቀጠሉ። እኔ ለጊታር ተጫዋቹ በአገጬ ጠቁሜ አንሳት አልኩት። እየተነጫነጨ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ያዛት። ሾፌሩ ሸሸ። አስቀምጣት አልኩት። ሾፌሩ ተመለሰ። ደግመን አነሳናት፣ ደግመን አስቀመጥናት። አሮጌው ቢሆን ይህን ለማወቅ አራት ሰው ያስፈልገን ነበር። ሻለቃ ማይኩን ይዞ አፉን እንደከፈተ ተጠጋ። ሾፌሩ መምታቱን አቆመና «ምነው፣ መጫወቻ አደረጋችሁኝ?» አለ። ያን ጊዜ ራሱ ነገረን። ግራ ጆሮው ከአውቶቡሱ ሞተር አጠገብ ሲውል ኖሮ ካለቀ ቆይቷል፤ ቀኙም እየተከተለው ነው። አሮጌው አምፕሊፋየር ሁልጊዜ የሾፌሩን የእንጨት መድረክ ተደግፎ ነበር የሚቆመው። «ባስ በጆሮዬ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! በመቀመጫዬ ነው የምቆጥረው» አለ።

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ ሁላችንም ወደ ሻለቃ ዞርን። ዕቃዋን መሸከም ያቃታትን ሊያባርር የነበረ ሰው አሁን ደግሞ የማይሰማ ድራም መቺ እጁ ላይ ወደቀ። ለምን እንዳልነገረው ጠየቀው። ሾፌሩ «ብነግርህ ኖሮ ቅዳሜ ስትቆጥር እኔን ትጨምር ነበር?» አለው። ሻለቃ ለመዋሸት አልሞከረም፤ ይህን አከብርለታለሁ። ቆይቶ ጎንበስ አለና ከመድረኩ ሥር የተነጠፈውን ምንጣፍ በጫፉ ይዞ መጎተት ጀመረ። «ይሄ ጨርቅ ድምፁን አይበላውም?» አለ። ልክ ነበር። ምንጣፉ ሲወጣ የበለጠ ገጠመ። ከዚያ ወደ እኔም ወደ ሾፌሩም ሳያይ፣ «እንግዲህ እናንተ ሁለታችሁ አንድ ሰው ናችሁ። አንዱ ሲያመው ሁለታችሁም ቀራችሁ፤ ስለዚህ እንዳያማችሁ» አለ። ስለ ግራ እጅ ምንም አላነሳም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ከሁላችን የበለጠ ቀለል ያለው እሱ ነበር።

ትናንት ቅዳሜ ተጫወትን፤ አንዳችም ነገር አልተበላሸም። ችግሩ አሁን ትንሿ ከሾፌሩ ኋላ ስለተቀመጠች እኔ ራሴን አልሰማም። ያን ሁሉ ሱቅ የዞርኩት ለጆሮዬ የሚስማማ ድምፅ ፍለጋ ነበር። አሁን የምመታውን የሚሰማው እሱ ነው፤ እኔ ትከሻውን አይቼ ነው ልክ መሆኔን የማውቀው። ሲስት ትከሻው ይወጣል፣ ሲገጥም ይወርዳል። ትናንት ማታ ሙሉውን እንደወረደ ነበር።

የማይገባኝን ልጠይቅዎ። ወፍራሙ ድምፅ በእንጨት በኩል እየሄደ ቀጭኑ ለምን አይሄድም? ስልክ ላይ አይንገሩኝ፣ ይጻፉልኝ፤ ሥዕል ካስፈለገም ይሣሉ። ሾፌሩም መልሱን ይጠብቃል።

እማዬን በሁለቱም ጉንጯ ሳሙልኝ፤ መድኃኒቷን እየዋጠች መሆኑን ራሷ ትጻፍልኝ፣ በእርስዎ እጅ የተጻፈ አላምንም። ወንድሜን፣ ሥራ በዝቶብኛል የሚለው ምክንያት እኔ ዘንድ እንደማይሠራ ንገሩት። ባለቤቱን እንቅልፍ ይስጥሽ በሏት። ጥርስ የምታወጣዋ ልጅ ከጣቴ በቀር የፈለገችውን ትንከስ። መሰላል የሚዋሱትን ጎረቤታችንንም፣ መሰላሉን ከመለሱ፣ ሰላም በሉልኝ። እርስዎ ጉልበትዎን ያሳርፉ።

የምትወድዎት ልጅዎ

ከስፌት ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 9 ቀን