ሳይፈላ የሚደርቅ አንሶላ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ መርዳሳ፣ ጊምቢ።

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ሲነሱ ያስቸግርዎታል? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? «አካም ጅርቱ» ብዬ ሁላችሁንም ባንድ አፍ ብጠይቅ ይቀለኝ ነበር፤ ግን የእያንዳንዳችሁን ካልሰማሁ ልቤ አያርፍም። እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የናዝሬትን ሙቀትና አቧራ ለምጄዋለሁ፤ ንዴቱን ነው ያልለመድኩት። ይህን ወረቀት በፖስታ አልላክሁትም፤ ወደ እናንተ ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር አብዱናሲር በእጁ ያደርስዎታል። አንብበው ሲጨርሱ ምድጃ ውስጥ ይጨምሩት።

የስድስተኛ ክፍል ሳይንስ እንደማስተምር ያውቃሉ። በዚህ ሴሚስተር ትምህርታችን ሙቀት ጠጣሩን ወደ ፈሳሽ፣ ፈሳሹን ወደ ጋዝ እንዴት እንደሚለውጥ ነበር። ቤተ ሙከራ ስለሌለን ልጆቹን ሜዳ አወጣኋቸውና «እናንተ ቅንጣቶች ናችሁ፣ ጭብጨባዬ ሙቀት ነው» አልኳቸው። መጀመሪያ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ባሉበት ብቻ ተንቀጠቀጡ፤ ይህ ጠጣር ነው። ጭብጨባውን ሳፈጥን እየተላቀቁ እርስ በርስ ይተላለፉ ጀመር፤ ፈሳሽ ሆኑ። አሁንም ሳፈጥን በሜዳው ሙሉ ተበተኑ፤ ገርባ የሚባለውንማ ከአጥር ላይ ነው ያወረድኩት። ሳቃቸውን ቢሰሙ! ገባቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ፈተና ላይ «ውሃ ሲሞቅ ለምን ተን ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አባዬ፣ ቅንጣት የሚል ቃል የጻፈ አንድ ልጅ አጣሁ። ሁሉም «የመጠን ለውጥ ተጠራቅሞ የዓይነት ለውጥ ስለሚያመጣ፤ ይህም አብዮት ይባላል» ብለዋል። ለካ የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ ጓድ ደገፋ ያንኑ የሚፈላ ውሃ ምሳሌ አድርጎ ቃል በቃል አስሸምድዷቸዋል። ልጆቹም ከሁለታችን የትኛው እንደሚያስፈራ አላጡትም። እኔም በንዴት ለሁሉም ዜሮ ሰጠሁ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይሉኝ ይሆናል፤ ግን የጠየቅሁት ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ምን እንደሚሆን ነበር።

ቅዳሜ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ጓድ ደገፋ ተነሣና «በቁስ አካል የማታምን ጴንጤ ስለ ቁስ አካል ምን ታስተምራለች?» አለ። ሰዉ ሳቀ። ርዕሰ መምህራችን ወይዘሮ ሽታዬ፣ ቤቷ ድረስ እየሄድኩ ልጇን የማስጠናላት ሴት፣ አንገቷን ደፋች። ወይ ዜሮውን አርሜ ራሴን እንድሄስ፣ ወይ ክፍሉን እንድለቅ ተወሰነ። እኔም አፌ አላርፍ አለና «አባቴ ድሬሰር ነበር፤ ለምን ታመምክ ሲባል ጤናዬ ወደ በሽታ ስለተለወጠ ነው የሚል ሰው ቢመጣበት ምን መድኃኒት ይሰጠዋል?» አልኩ። እንደገና ተሳቀ፤ አብሮኝ የቆመ ግን አልነበረም።

ሰኞ ክፍሌ ለጓድ ደገፋ ተሰጠ፣ ዜሮውም መቶ ሆነ። እኔ ንብረት ክፍል ገብቼ የተሰበረ ዴስክና መጥረጊያ እጠብቃለሁ። አባዬ፣ ተቃጥያለሁ። ለዚህ ነው ያስተማሩኝ?

ባለፈው ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ዲንቄ፣ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። እናቷ ለሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋት። «ቲቸር፣ እናቴ ያሰጣችው አንሶላ ሳይፈላ እንዴት ደረቀ? እሳት ላይ እኮ አልተጣደም» አለችኝ። ጓድ ደገፋን ጠይቃው «ተቀመጪ» ብሏታል። ሜዳ ላይ ገና ቀስ ብዬ ሳጨበጭብ ማን ቀድሞ እንዳመለጠ ጠየቅኋት። «ገርባ! ዳር ላይ ነበራ፣ እሱ ደግሞ ሁሌ ይፈጥናል» አለችኝ። ከዚያ በራሷ አፍ «ውሃውም ውስጥ የሚፈጥኑ አሉ ማለት ነው፤ ዳር ላይ ያሉት ሌላው እስኪፈላ ሳይጠብቁ ይሄዳሉ» አለች። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ መጣልኝ፤ የመጣው ግን ክፍል በሌለኝ ጊዜ ነው። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከፋሲካ በፊት ራሴን ከሄስኩ ክፍሌ ይመለስልኛል ብለውኛል። ተመልሼ ለዲንቄ ምን ብዬ ነው የማርምላት? አልሄስም፣ አባዬ። ይቆጡኝ እንደሆነ ይቆጡኝ። በእረፍት ሰዓት ግን የንብረት ክፍሉን በር ክፍት እተወዋለሁ፤ ዛሬ ሦስት ሆነው መጥተዋል።

እማዬን እግሯን ይሳሙልኝ፤ ይህን ሁሉ አይንገሯት፣ ደህና ናት ብቻ ይበሏት። አጎቴን ሰንበታን በጸሎቱ እንዳይረሳኝ አደራ ይበሉልኝ። እህቴን ሣራን ከነልጆቿ ይሳሙልኝ። ታናሽ ወንድሜ ገመቹም ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ነውና፣ ከሳሙልኝ በኋላ የታጠበ ልብስ ሳይፈላ ለምን እንደሚደርቅ ይጠይቁልኝ። ስለ አብዮት ከነገረዎት አይቆጡት፤ ልብስ አሰጥተው አጠገቡ ያስቀምጡት፣ እስኪደርቅም አብረውት ይቀመጡ።

ልጅዎ ጉዲቱ መርዳሳ
ናዝሬት፣ መጋቢት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.