ሻሚን የጠራሁበት አዳራሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ ለእማዬ ኑርሀን፣ ወራቤ።

አሰላሙ አለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ከረመ? የግፊት ክኒንሽን በየቀኑ ትውጫለሽ ወይስ እንደ አምናው ደህና ነኝ ብለሽ መሳቢያ ውስጥ ትከቺዋለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ዝናቡ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንሰቱ፣ ላሚቱ፣ ያ ግድግዳው የዘመመው ማድቤትሽ ሁሉም እንዴት ነው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የጨርቅ ሱቄም ደህና ነው። ጭንቀቴ ብቻ ነው አልለቀኝ ያለው። ጭንቀታም አድርገሽ ወልደሽኝ ምን ላድርግ!

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክማ ስንቴ ሞከርኩት። ገና ሻሚ እንዴት ነው ስትዪኝ ድምፄ ይቆረጣል፤ ኔትወርክ ነው ብዬ እዘጋብሻለሁ። ኔትወርኩ ደህና ነበር እማዬ፣ እኔ ነበርኩ የተቆረጥኩት። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ጎረቤትሽ መምህርት አቻምየለሽ ቀስ እያለች ታንብብልሽ። አቹዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ መጀመሪያ እማዬን አስቀምጫት።

ሳላዞር ልንገርሽ። ልጅሽ ሻሚ መጥቷል። ከዱባይ ራሴ ሄጄ አመጣሁት፤ እዚህ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ቡቲዬ ሰፈር በተከራየሁት ቤት አብሮኝ መኖር ከጀመረ ወር ሊሞላው ነው። ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ይቆጣል። ዓይኑ ግን አያይም። ስኳር በሽታው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆናል፤ መኪና መንዳቱን ትቶ ዕቃ ቤት ሲጠብቅም ደብቆናል፤ በመጨረሻ አብሮት የሚኖረው ጓደኛው አብዱላሂ ደውሎ ነገረኝ። ሐኪሞቹ ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠብቁ ብለዋል። ይኸው ተናገርኩት። አልቅሺ እማዬ፣ ከዚያ ውሃ ጠጪና አቹ ትቀጥል፤ ገና ብዙ አለኝ።

የከፋው ነገር ወደ አንቺ እንሂድ ስለው እምቢ ማለቱ ነው። እናቴ እንዲህ ሆኜ አታየኝም ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ጠዋት ከደጃፉ ግራር ስር ወንበር አውጥቼለት ወደ ሱቅ እሄዳለሁ፤ ስመለስ እዚያው የጎረቤቶቹን ፍየሎች እያዳመጠ አገኘዋለሁ። የጭነት መኪና ያለው ሙሐረም የዛሬ ሳምንት ወደ እናንተ ይወጣል፤ ጋቢና ውስጥ ሁለት ቦታ ይዞልናል። ሻሚ ግን አንቺ ብቻሽን ሂጂ ይለኛል። ምን እንደሚያስፈራው እኔም የገባኝ እዚያ ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ነው፤ እሱን ካልነገርኩሽ ልቡን አታውቂለትም።

እማዬ፣ ስለዚያ ቦታ ብነግርሽ አታምኚኝም። የወራቤ ገበያና የሞያሌ ገበያ ከነሰዉ፣ ከነአህያው ቢገቡበት ቦታ ይተርፋል። ውስጡ ባቡር አለው። ባቡሩ ሲመጣ ይሄ ናይሮቢ ነው የሚሄደው ብዬ ጠይቄ ሳቁብኝ። ስሄድ ከናይሮቢ ነጋዴዎች ኋላ ኋላ እየተከተልኩ ስለወጣሁ ምንም አላየሁም ነበር። ስመለስ ግን እኔው ነኝ መሪዋ፤ ሻሚ ትከሻዬን ይዞ፣ እኔ በየሰሌዳው ላይ አፍጥጬ፣ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ከሱቅ ዋጋ አያልፍም። አሁን የት ነን ይለኛል፤ ደርሰናል እለዋለሁ። የት እንደደረስን ግን አላህ ይወቀው።

የማያዩና መራመድ የማይችሉ ተሳፋሪዎች የሚጠብቁበት ቦታ አለ፤ ከዚያ ሠራተኞቹ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ እስከ አውሮፕላኑ በር ያደርሷቸዋል። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርታችንን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ነካካች። የሻሚን አንገቱ ላይ ባንጠለጠልኩለት ቦርሳ ከተተችለት፤ የእኔን ባንኮኒው ላይ አኖረችና የተራ ቁጥር ያለበት ካርድ ሰጠችኝ። አሁን ጥፋቴን ስሚ። እዚህ ኬንያ ባንክ ስትገቢ፣ መሥሪያ ቤት ስትገቢ፣ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ፣ አስካሪ የሚሉት፣ መታወቂያሽን ይቀበልና ካርድ ይሰጥሻል። ስትወጪ ካርዱን መልሰሽ መታወቂያሽን ትወስጃለሽ። ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ኖሬያለሁ፤ ለቪዛው ናይሮቢ ስመላለስ በአንድ ቀን አራት በር ላይ መታወቂያ ትቻለሁ። ካርዷን ሳይ እጄ ልማዱን ሠራ። ልጅቷ ፓስፖርቴን ወደ እኔ ስትገፋው፣ ይቀመጥልኝ፣ ስወጣ እወስደዋለሁ ብዬ በእጄ አሳየኋት። ግር ብሏት አየችኝ፤ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበርና ተወችኝ። ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት ብዬ መርቄአት ሄድኩ!

ሻሚን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እንዳስቀመጡልኝ ወዲያው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌውን ወስዶ ምግብ ሳይበላ ቆይቶ ነበርና ስኳሩ ወረደ። ላብ ግንባሩን ሲያርሰው አየሁ። ጭማቂ ላምጣልህ፣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል አልኩት። ወዴት ልሄድ አለኝ። ሱቁ ቅርብ መስሎኝ ነበር፤ ሰልፉ ደግሞ የማያልቅ ሆነብኝ፤ ጭማቂውን ይዤ መንገዱን ሁለት ጊዜ ስቼ ስመለስ ወንበሩ የለም። ሻሚም የለም። ባንኮኒው ላይ ያለችውም ሌላ ልጅ ሆናለች። ጌት፣ ጌት ትለኛለች፤ ወደ መሳፈሪያው በር ወስደውታል ማለቷ ነው። የቱ ጌት? የጌቱ ቁጥር የመሳፈሪያው ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ ፓስፖርቴ ውስጥ ነው፤ ፓስፖርቴ ደግሞ ስወጣ የምወስደው ነው፣ ገና አልወጣሁማ! ምን ልበልሽ፣ ያን ሰዓት ጭንቅላቴ አብሮኝ አልነበረም። ካርዴንና ጭማቂዬን ጨብጬ ሮጥኩ።

ወዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ሽቶ፣ ወርቅ፣ ቸኮሌት፣ ደግሞ ሽቶ። ራሱ የሚሄድ ወለል አለ፤ ወደ እኔ በሚመጣው ላይ ወጥቼ ስሮጥ ስሮጥ እዚያው ነኝ። ተሽከርካሪ ወንበር ባየሁ ቁጥር ዞሬ ፊት ለፊት አያለሁ፤ አንዱ የህንድ ሽማግሌ ናቸው፣ አንዷ እግሯ የታሰረ ወጣት። ሁሉም ሰው መንገዱን ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኛል፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ቢስት ማን ያውቅለታል? ተኝቷል ብለው አይደል የሚያልፉት? እናቴን ምን እላታለሁ? ሁለት ዓመት ያላየችውን ልጅ እጄ ላይ ከገባ በኋላ ጣልኩት እላታለሁ?

ሳላውቀው ለካ በስዋሂሊ ራሴን እየሰደብኩ ነበር። ማማ፣ ምን ሆንሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሀምዳን የሚባል የሞምባሳ ልጅ ነው፤ እዚያ በጥበቃ ሥራ ተቀጥሮ። ወንድሜ ጠፋብኝ፣ አያይም፣ ስኳር አለበት አልኩት። ፓስፖርትሽ የታለ አለኝ። አስካሪዎቹ ጋ ነው፣ ስወጣ እወስደዋለሁ ብዬ ካርዷን አሳየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን አይገባውም ነበር፤ የኬንያ ልጅ ነውና ወዲያው ገባው። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ማማ፣ እዚህ የሚወጣ ሰው በገባበት በር አይመለስም፣ መውጫው አውሮፕላኑ ነው አለኝ። 

ክንዴን ይዞ እያስሮጠ መለሰኝ። ፓስፖርቴ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ አኑራልኝ ነው የሄደችው። ምርቃቴ አልባከነም ማለት ነው። ሀምዳን የጌቱን ፊደልና ቁጥር አይቶ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝና፣ ይህን ፊደል ተከተይ፣ ዞር ሳትዪ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፣ በሩ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል አለኝ። ከዚያ በላይ ሥራውን ጥሎ መሄድ አይችልም። ስሙን በየሶላቴ እጠራዋለሁ፤ አንቺም ዱዓ አድርጊለት።

መዳፌን እያየሁ ሮጬ ከአንድ ሰፊ አዳራሽ ደረስኩ። ሰው ተነስቶ ተሰልፏል፣ ገሚሱ ገብቷል፤ ምሰሶው ብዛቱ፣ ሻንጣው ብዛቱ! ሻሚን ፈለግኩ፣ የለም። ሁለተኛ ዞርኩ፣ የለም። እዚያ ቦታ እማዬ ማንም አይጮህም፤ ሁሉም በሹክሹክታ ነው። እኔ ደግሞ የሞያሌ ነጋዴ ነኝ፤ ጨርቅ የምሸጠው በጉሮሮዬ ነው። ኳስ ሲጫወት ሲመሽበት አንቺ ከደጃፍ ሆነሽ እንደምትጠሪው፣ ሻሚዬዬ ብዬ ባለ በሌለ ድምፄ ተጣራሁ። አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ጠባቂ እየሮጠ መጣ። ደገምኩት። ያኔ ከወዲያኛው ምሰሶ ጀርባ፣ አቤት! አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ፤ ልክ እንደ ልጅነቱ ነው አቤት ያለው።

ወንበሩ ላይ ሆኖ ጎማውን በሁለት እጁ አንቆ ይዞታል። የሚገፋው ሰው ቀድመህ ግባ እያለ ይለምነዋል፤ እሱ ደግሞ እህቴ ሳትመጣ አልገባም ብሏል። አጠገቡ ያለው መቀመጫ ላይ ጃኬቱን አንጥፎ፣ ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ ሰው አለበት ሲል ነው የቆየው። በላብ ተነክሯል። ጭማቂውን በእጄ አጠጣሁት፤ ጥርሱ ጠርሙሱ ላይ ይንገጫገጫል። የመጨረሻዎቹ ሆነን ገባን።

አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ እጄን ይዞ ነገረኝ። ስትቆዪብኝ ደክሟት ነው አልኩ፤ ትታኝ ሄዳለች አልኩ፤ አልፈረድኩብሽም አለኝ። አቤት የዚያን ጊዜ የተሰማኝ! እማዬ፣ ጎማውን አንቆ መቀመጫ እየጠበቀልኝ፣ በልቡ ግን ትታኛለች እያለ ነበር። በጥፊ ልለው ፈለግኩ፣ ግን አቅፌው አለቀስኩ። ለዚህ ነው ወደ አንቺ አልሄድም የሚለው። አንቺ እንደማትጠዪው ያውቃል፤ ዓይንሽ እሱ ላይ ሲያርፍ ድምፅሽ እንዳይለወጥበት ነው የሚፈራው። ፊትሽን አያይማ፤ የቀረው ድምፅሽ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከመጣን፣ ኢንሻአላህ፣ ሰዉን ሁሉ ሰብስበሽ እንዳታስጮሂበት። ወየው ልጄን እንዳትዪ። ዕንባሽን ቀድመሽ ጨርሺው፣ መኪናው እስኪመጣ ጊዜ አለሽ። መኪናው ሲቆም ከደጃፍ ቁሚና እንደ ድሮው ጥሪው፣ መጨረሻውን ሳብ አድርገሽ። ወደ ድምፅሽ በራሱ እግር ይመጣል፤ እኔ ከኋላው ነኝ።

ወንድሜን ሙከሚልን ከነባለቤቱና ከነልጆቹ በጣም ሰላም በይልኝ፤ የሻሚን መድኃኒት የምናስቀምጥበት ፍሪጅ ከሱ ቤት ይፈለጋል በይው። አጎቴን ሻሪፍን እጃቸውን ሳሚልኝ፤ ወገባቸው ተሻላቸው? አቹን ስላነበበችልሽ ስሚያት። ላሚቱንም ቢሆን ደባብሽልኝ።

ይህን ሁሉ እዚህ ግራሩ ስር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለሱ የጻፍኩትን ሳያውቅ ልልከው አልፈለግኩም። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እጁን ዘረጋልኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን ስጪኝ አለኝ። ጣቱን ከወረቀቱ ግርጌ አስቀመጥኩለት። ምን ብለህ ጻፍ አላልኩትም። ከታች ያለው ጠማማ ጽሑፍ የእሱ ነው።

ልጅሽ ሳጂዳ
ቡቲዬ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

አቤት እማዬ። መጣሁ።