ካፒቴኑ የተናገረበት ቅዳሜ

ቆቦ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለመቅደስ፣

እንዴት ከርመሻል መቅዲዬ? እኔና እማዬ አለን። የሮቢቷ ሀስና ፈቃዷን ጨርሳ ወደ ኩዌት ስለምትመለስ ይህን በእጇ ልኬልሻለሁ። በስልክማ አንቺ ማዳምሽ እንዳትሰማሽ፣ እኔ እማዬ እንዳትሰማኝ ስንንሾካሾክ ምንም ሳንባባል ይዘጋል።

እማዬ ያው ናት። ንግግሯ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ቀኝ እጇ ግን እንደሞተ ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የማነሳት እኔው ነኝ። ወገቤ አንዳንድ ቀን እምቢ ይለኛል። በዚያ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት አለ፤ ነፋሱም የሜዳውን አቧራ እያመጣ የሰፋሁት ላይ ይነሰንስብኛል።

ባለፈው ስለዚያ ስለ ህዋው ድራማ ጠይቀሽኝ ነበር። ካፒቴኑ ለመሐንዲሷ ነገራት ወይ ብለሽ። ነገራት። አንቺ ስትሄጂ ገና መጀመሪያው ላይ ነበሩ፤ እሱ ከላይ መርከቧን ሲያዝ፣ እሷ ከታች ሞተር ስትጠግን፣ መተላለፊያው ላይ ሲገናኙ አንገታቸውን ሲደፉ። ከዚያ ወዲህ እሷ ልትናገር ስትል የአደጋ ደወል ይጮኻል፣ እሱ አፉን ሲከፍት መብራት ይጠፋል፤ አንዳንዴ የመርከቧ፣ አንዳንዴ የቆቦ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አታክተውኝ ነበር። "ወይ ተናገሩ ወይ ተዉት" እላለሁ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ። ሊናገር ሲል ደግሞ ልቤ ይጨነቃል፤ ምነው ዛሬ እንኳ ባይናገር እላለሁ። እስካልተናገረ ድረስ ቅዳሜ የሚጠበቅ ነገር አለኝ። ሌላው ቀን ሁሉ አንድ ነው።

ጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየው የፊዚክስ መምህር፣ ይድነቃቸው፣ አብሮን ያያል። ፍንዳታ በመጣ ቁጥር "እማማ፣ እዚያ ላይ እኮ ድምፅ አይሰማም" እያለ እማዬን ያስቃታል። ካፒቴኑን አይወደውም፤ "ፈሪ ነው" ይላል። እኔ ደግሞ "እሷስ? ሞተሩን ለማን ጥላ ነው የምትወደው?" እላለሁ።

ያን ቅዳሜ ካፒቴኑ ሞተር ክፍል ወርዶ፣ ግራሶ የነካ እጇን ይዞ ነገራት። እማዬ በግራ እጇ ጭኗን መታ መታ አደረገችና "ተመስገን፣ ተገላገለች" አለች። እኔን የጠበቅኩትን ያህል ደስ አላለኝም። አንድ ነገር የተወሰደብኝ መሰለኝ። ቀና ስል ይድነቃቸው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው። የእማዬን መድኃኒት ላመጣ ብዬ ተነሳሁ።

በማግስቱ ልብስ ሳሰጣ መጣ። ወደ ኮምቦልቻ ተዛውሯል።

"ተጋብተን አብረን እንሂድ" አለኝ። "እማማንም እንወስዳለን። ደረጃ የሌለው ቤት እፈልጋለሁ፣ ወንበራቸው እንዲገባ።"

ስለ ወንበሯ ሳይቀር አስቦበታል መቅዲዬ።

እማዬን ጠየቅኳት። "እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው። አንቺ ግን ሂጂ" አለችኝ። ሂጂ ስትለኝ በደህናው እጇ ቀሚሴን ይዛ ነበር።

"መቅደስ እስክትመጣ" አልኩት።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"ለፋሲካ ብላለች።"

የትኛው ፋሲካ ብሎ አልጠየቀኝም። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ሻንጣውን ሚኒባሱ ላይ ሲጭኑለት የምናወራው ስለ መርከቧ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ድራማው ሲያልቅ ይደውላል። ስለ እኛ አናነሳም፤ ስለ ካፒቴኑና ስለ መሐንዲሷ ነው የምናወራው። ተጋብተዋል። ሌሊት ሞተሩን የመጠበቅ ተራ የማን ነው እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ቀዘቀዘ ብሎ ትቶታል፤ ይድነቃቸው ግን "አሁን ነው የጣፈጠኝ" ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ መሐንዲሷ ሞተሩ አጠገብ ቆማ እንቅልፍ ሲጥላት ካፒቴኑ መጣና መፍቻውን ከእጇ ወሰደ። "አንቺ ተኚ፣ እኔ እጠብቃለሁ" አላት። ተኛች። ሌላ ምንም አልሆነም። እወድሻለሁ ሲላት ያላለቀስኩት ሴት እዚያ ላይ አለቀስኩ። ስልኩ ሲጠራ ድምፄ እንዳያስታውቅብኝ ብዬ አላነሳሁትም። ዳግመኛም አልደወለም፤ መጪውን ቅዳሜ እጠብቃለሁ።

ሀስና ኮንትራትሽ ሚያዝያ ላይ እንደሚያልቅ ነገረችኝ። አድሺውም አታድሺውም አልልሽም፤ አንቺም ደክሞሻል። እማዬ ግን ስምሽን ከነአባትሽ አጥርታ መጥራት ጀምራለች።

ለሰው አገር ሥራ ጉልበቱን ይስጥሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ደጃችንን በሰላም ለመርገጥ ያብቃሽ።

እህትሽ ትርሲት