ስለማይከፈተው መስኮትና ስለተባረረችው ልጄ

ለክቡር የከተማችን ትምህርት ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ በተለይም ትንፋሽ እንዳያጥርዎ ከልብ እመኛለሁ፤ የትንፋሽን ዋጋ ቢሮዎ ሰሞኑን አስተምሮናልና። እኔ በአሮጌው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዛሬ ደግሞ ልጄን እዚያው የማስተምር ልብስ ሰፊ ነኝ።

አንደኛ፣ አያቶቻችን ድንጋይ ጠርበው ያቆሙትን ሕንፃ «ዘመናዊ ገጽታ» ለማላበስ ፊቱን በሰማያዊ መስታወት ስለሸፈኑልን እናመሰግናለን። የድሮዎቹ ግንበኞች ጣሪያውን ከፍ፣ መስኮቱን ሰፋ ያደረጉት ለተማሪ አየር እንዲገባ ብለው ነበር፤ ምስኪኖች! ሕንፃ የሚሠራው በመኪና ለሚያልፍ ባለሥልጣን መሆኑን ማን በነገራቸው!

ሁለተኛ፣ መስታወቱ እንዳይከፈት ሆኖ ስለተገጠመ ልጆቻችን ያለ እሳት መቀቀል ችለዋል።

ሦስተኛውን ረዘም አድርጌ ብነግርዎ ቅር እንደማይልዎ ተስፋ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የታሪክ መምህርቷ፣ ተማሪዎቹ «እማማ ዘመን» የሚሏቸው አስም ያለባቸው ሴት፣ እያስተማሩ ሳለ ትንፋሽ አጠራቸውና «መስኮት ክፈቱልኝ» አሉ። የክፍሉ አለቃ ልጄ ነበረች። «የሚከፈት የለም እኮ፣ ቲቸር!» ብላ ጮኸች፤ ወዲያው ወንበር አንስታ መስታወቱን አደቀቀችው። ነፋስ ገባ፤ መምህርቷም ነፍስ ዘርተው ሐኪም ቤት ተወሰዱ። በማግስቱ ልጄ «የመንግሥት ንብረት በማውደም» ተባረረች።

ርዕሰ መምህሩ ሐኪም ቤት ሄደው «እንኳን እግዜር አተረፈዎት» ቢሏቸው፣ እማማ ዘመን «ያተረፈችኝን አባርረህ ነው እንኳን አተረፈዎት የምትለኝ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ካገገሙ ወዲህ ግቢውን አልረገጡም፤ ልጄ መግባት ስለተከለከለች ከአጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ያስተምራሉ፣ ክፍሉም በሙሉ ተከትሏቸው ወጥቷል። ውስጥ የቀረው መስታወቱ ብቻ ነው፤ እሱ ግን፣ መቼም ሐቅ ነውና፣ ያበራል።

ስለዚህ ልጄ ወደ ትምህርቷ፣ መስኮቱም ወደ መስኮትነቱ እንዲመለሱ በትሕትና እለምናለሁ።

በእርስዎ ዘመን በመኖሬ የሚገባኝን ያህል የምኮራ፣
የመስታወት ሰባሪዋ አባት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ ብመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ሕንፃዎ እንደ ትምህርት ቤታችን ያረጀ ድንጋይ ነው፤ መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተው ነፋሱ ሽው ሲል እንቅልፍ ያስመኛል። ዘመናዊውን መስታወት ለራስዎ ሳያስቡ «ሕዝብ ይቅደም» ማለትዎን ሳስብ እንባዬ መጣ።