ንግሥቲቱ በአንድ ዓይን የቀረችበት ምክንያት

እኔ ቀናው አደሴ፣ የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ እሑድ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በገዛ ሳሎኔ ተቀምጬ፣ አራት ምስክሮች እየሰሙኝ ይህን ተናዝዣለሁ። አእምሮዬ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ጉልበቴ ነው። በመካከሉ ሳቅ ቢያመልጠኝ ጃጅቷል ተብሎ ኑዛዜዬ እንዳይፈርስ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

አንደኛ፤ ቤቴን ልጆቼ ሥርጉትና ነቢዩ እኩል ይውረሱ።

ሁለተኛ፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ግድግዳ ወረቀት ያለበስሁባቸው መቀስ፣ ብሩሽና መሰላል ለነቢዩ ይሁኑ። ኮዬ ፈጬ ያለውን ቤቱን ጂብሰም ሲያሠራ አላማከረኝም። ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጣሪያው ግን ጠማማ ነው።

ሦስተኛ፤ የዚህ ሳሎን የግድግዳ ወረቀት እንዳይነሣ። ከጥንት ሥዕል የተቀዳ ነው፤ ንግሥተ ሳባ ከነግመሎቿ ወደ ሰሎሞን ስትጓዝ ያሳያል። ሥርጉት ሆይ፣ ሽማግሌ ሊመጣልሽ ሲል «አባዬ፣ ይኼን ነገር ላጠው» ብለሽ ሳምንት አኩርፈሽኝ ነበር። አልፈርድብሽም። በበሩ ማዕዘን የንግሥቲቱ ፊት ተቆርጦ በአንድ ዓይን ቀርታለች፤ በሥዕል ሥርዓታችን ደግሞ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ነፍስ አባቴ እንኳ ጠበል ሲረጩ ያንን ማዕዘን ሦስት ጊዜ ይደግሙታል።

ለጠየቀኝ ሁሉ ግድግዳው ጠማማ ነው ስል ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው፤ ግድግዳው ምንም አልሆነ። ወረቀቱን የለጠፍሁ ቀን መሰላሉን የያዙልኝ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዳሲቱ ቡልቻ ነበሩ። ያኔ ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፎ ነበር፤ እሳቸውም ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተው ነበር። «ይህ ያኮረፈው ግመል ቁርጥ እርስዎን ነው» ብለው ሳቁብኝ። ዞር ብዬ ሳያቸው መቀሱ በንግሥቲቱ ፊት ላይ አለፈ። ወደድኋቸው። ይኸው ስድስት ዓመት ፈርቼ ዝም አልሁ።

አራተኛ፤ ስለዚህ ወይዘሮ ዳሲቱ ዕድሜ ልካቸውን በዚህ ቤት ይኑሩ። እኔ ሳልሞት ቢገቡ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል። ልጆቼም እንደ እናት ያክብሯቸው።

ነገር ግን ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አይጠቀምም፤ ሕጉ እንዲያ ነው። እሳቸው ደግሞ ይኸው ሦስተኛ ምስክር ሆነው ተቀምጠዋል። የጠራኋቸው እንዲሰሙኝ ነው። ካልፈለጉ ይፈርሙ፤ ሁለተኛ አላነሣውም፣ ጉርብትናችንም እንደ ድሮው ይቀጥላል። ከፈቀዱ ግን ሳይፈርሙ ይነሡ።

ተናዛዥ፦ ቀናው አደሴ (ፊርማ)

አንደኛ ምስክር፦ ቢራ ዱጉማ (ፊርማ)

ሁለተኛ ምስክር፦ ኢፍቱ ቃልቤሳ (ፊርማ)

አራተኛ ምስክርና ጸሐፊ፦ ዘአማኑኤል ወርቁ (ፊርማ)

ሦስተኛ ምስክር፦ ወይዘሮ ዳሲቱ ቡልቻ፤ ተሰርዟል። «ኧረ እኚህ ሰውዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቁ ነበር?» ብለው ተነሥተዋል። በምትካቸው ጎረቤታችን ናዕማ ሐሰን ተጠርታ፣ ኑዛዜው ከመጀመሪያው ተነብቦላት ፈርማለች።