ፕላስተሩ እስኪመጣ መርፌውን መልሱልን

ውድ አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤውን ሳትጀምሩ አንድ ጉዴን ሹክ ልበላችሁ፤ ልጆቼን ድሬ ኩዬ እንኳ መርፌ ሳይ የነርሷን ጋውን ጨምድጄ ዓይኔን የምጨፍን ፈሪ ነኝ። መርፌ ለመለመን ብዕር ያነሣሁት ምን ቢብስብኝ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ለተከበራችሁ የጤና ብሥራት ኮሚቴ
ሐይቅ

ጤናችሁ እንደ ንግግራችሁ የተትረፈረፈ እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ክንድ ላይ ሲለጠፍ ከፀጉር የቀጠኑ ሹሎቹ ቆዳ ውስጥ እየሟሙ ክትባቱን የሚያደርሱ፣ ልጅ የማያስለቅስ ፕላስተር «በቅርቡ» እንደሚመጣ ሰብስባችሁ ስላበሠራችሁን እናመሰግናለን። ገና በሙከራ ላይ መሆኑን ያልነገራችሁን ደስታችን እንዳይደፈርስ አስባችሁ እንደሆነም ገብቶናል።

ሁለተኛ፦ ጎረቤቴ ፈዲላ «በቅርቡ»ን የተረዳችው እንደ ሐይቅ ከተማ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሚኒባሱ በቅርቡ ይደርሳል ከተባለ ሰው ዕቃውን ተሸክሞ አስፋልት ዳር ይቆማል። የዘጠኝ ወር ልጇን ኢንሳፍን ኩፍኝ እንድታስከትብ ብጎተጉታት፣ «እትዬ፣ ለቅሶ የሌለው ነገር መንገድ ላይ እያለ እኔን ምን አስቸኮለኝ? ወላሂ አላስወጋትም!» አለችኝ። የመንደሩ እናቶችም አብረዋት ቆሙ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያጥር ይቅርታ፦ እናቶቹ ስለቀሩ «ፈላጊ የለም» ተብሎ ክትባቱ ከጤና ኬላችን ተነሣ። ብዙም ሳይቆይ ኩፍኝ እዚሁ ጎረቤታችን አርዲቦ አካባቢ ገባ። ፈዲላ ልጇን አዝላ ስትሮጥ ነርሷ ባዶ ማቀዝቀዣ ከፍታ አሳየቻት። ኩፍኝ እንደ እናንተ ስብሰባ አልጠራም፤ ዝም ብሎ መጣ።

«ፕላስተሩ እስኪመጣ በመርፌ አስከትቡ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከዚያ ሁሉ ንግግር መካከል ቦታ በማጣቷ እናዝናለን። አሁንም የምንለምነው ክትባቱ ለሐሙሱ የክትባት ቀን እንዲመለስልን ብቻ ነው። ልመናችንን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ካቋቋማችሁ ግን ነርሷን አታስገቧት፤ እሷ ሐሙስ ሥራ አለባት።

ለብሥራታችሁ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት፣ ለዝምታችሁም ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እየገለጽሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አሰገደች ሽታው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ኢንሳፍን ይዘን ጤና ኬላው በር ላይ እንገኛለን። ተወግታ ካለቀሰች ለቅሶዋን እንደ ምሥራች በዚሁ ዓምድ አወጣዋለሁ፤ ሳትወጋ ከተመለሰች ግን የማወጣው የእናንተን ስም ነው፣ ከነአባታችሁ።